ጥፋቱ የመብራት አልነበረም

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«ልጄ፣ ሲስተሙ እምቢ ብሏል እያሉ ነው» አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ናቸው። የማታ ፈረቃ ሠራተኞች የእኔ ቁጥር የላቸውም፤ እሳቸው ግን አላቸው።

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

«ኧረ መብራትስ አለ።»

አላመንኳቸውም። ኮንትራት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ማራገቢያው ይጮኻል፣ መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው። ከላፕቶፔ ፒንግ ሳደርገው፣ ማለትም «አለህ?» ስለው፣ ወዲያው ይመልሳል። ስክሪኑ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስሜን ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፍኩ፣ ኢንተር መታሁ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። «ተሳስተሃል» እንኳ አይልም። ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። በመጨረሻ የኃይል ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁትና መልሼ አስነሳሁት። በደህና ተነሳ። ዳታቤዙም ራሱን አስተካክሎ ተነሳ። ቀጥዬ ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር 23:00 ላይ ነው። ቀጣዩ መስመር እኔ ያስነሳሁበት ነው። በመካከሉ አንድ ፊደል የለም። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ የዲስክ ቅሬታ የለ።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት ትንሽ ላውራ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ነው የሚቆጥረው። የእሱ 23:00 እኛ ጋ በፈረንጅ ሰዓት 2:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። እኔ በሪፖርቱ ላይ «2:00 ሰዓት ላይ ቆመ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ብለው ተረዱት። በዚያ ምሽት አምሽቶ ሲሠራ የነበረው ሒሳብ ክፍል ነው። እነዚያ ምስኪኖች «ምን ነካችሁ?» ተብለው ግማሽ ቀን ተጠየቁ። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ግን እስካሁን ሲያገኙኝ ሰዓት ይጠይቁኛል።

እኛ አገር ለሰርቨር ችግር የተዘጋጀ ተከሳሽ ሁሌም አለ። መብራት። እኔም ሳላመነታ ወደዚያው ሄድኩ። የኃይል መጠባበቂያው ባትሪ አርጅቷል፣ ለአፍታ ሲወርድ ዲስኩ ይደነግጣል ብዬ አሳመንኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ግዢ ክፍል ተመላለስኩ፣ አዲስ ባትሪ ተገዛ። ባትሪው በተገጠመ በ18ኛው ቀን ሰርቨሩ እንደገና ቆመ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት ዝምታ።

ሰዓቱ ተመሳሳይ ሲሆን ሰው ምን ያስባል? በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሥራ አለ ይላል። በእርግጥም ነበረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የባክአፕ ስክሪፕት፣ ማለትም የዳታውን ቅጂ የሚያስቀምጥ የትዕዛዞች ዝርዝር፣ ይነሳል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጭር ነው፣ ከስምንት ወር በላይ በየሌሊቱ ሠርቷል፣ እኮራበትም ነበር። ለማንኛውም ብዬ የማከማቻ ሳጥኑን፣ የሰርቨሩ ዳታ ያለበትን የውጭ መሣሪያ፣ አየሁት። የዚያ ሌሊት ስናፕሾት ተነስቷል፤ ምልክቱም አረንጓዴ ነው። ባክአፑ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው አልኩ። ስክሪፕቱን በነጻ አሰናበትኩት።

ስናፕሾት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ፎቶ ነው። ዳታው በአንድ ቅጽበት የነበረበት መልክ ተይዞ ይቀመጣል፤ ሥራው ይቀጥላል፤ ባክአፑ በኋላ ከፎቶው ይቀዳል። ፎቶ ሲነሳ ግን ሰው መንቀሳቀስ የለበትም። ግማሽ የተጻፈ ፋይል ካለ ፎቶው ይደበዝዛል። ለዚህ ሰርቨሩ በሚሠራበት ሥርዓት፣ በሊኑክስ ላይ፣ ማቀዝቀዝ የሚባል ነገር አለ። ኤፍኤስፍሪዝ የሚባለው ትዕዛዝ ለፋይል ሲስተሙ፣ ፋይሎችን ዲስክ ላይ ለሚያደራጀው ክፍል፣ «እጅህ ላይ ያለውን ጽፈህ ጨርስ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፍ ሁሉ ይቁም» ይለዋል። መጀመሪያ የኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ብቻ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.6.29 ለሌሎቹም የጋራ ሆነ።

«ይቁም» ሲባል በስህተት መመለስ አይደለም። የሚጽፈው ፕሮግራም «አይቻልም» አይባልም። በቃ ይተኛል። ፋይል ሲስተሙ ሲቀልጥ ነቅቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ማንበብ ግን ይቻላል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ሰርቨር የሞተ አይመስልም። ግማሹ ይሠራል። ሰውን የሚያሳስተውም ይሄ ነው።

የእኔ ስክሪፕት አምስት ሥራ ነበረው። ቫር የሚባለውን ክፍል አቀዝቅዝ፤ ዳታቤዙ እዚያ ነው። «ቀዘቀዘ» ብለህ ሎግ ላይ ጻፍ። ለማከማቻ ሳጥኑ በኤስኤስኤች፣ ከርቀት ገብቶ በሚታዘዝበት መንገድ፣ «ፎቶ አንሳ» በል። «ተነሳ» ብለህ ሎግ ላይ ጻፍ። ቫርን አቅልጥ።

ይህን ሲያነብ የሳቀ ካለ ሙያው ያለው ነው። እኔ ለመሳቅ ሦስተኛ ሌሊት አስፈልጎኛል።

ከሁለተኛው በኋላ አንድ ብልሃት አደረግኩ። ቆሞ ካገኘሁት መግባት አልችልም፤ ስለዚህ ከመቆሙ በፊት ገብቼ ልጠብቀው። ሰርቨሩ ላይ ሁለተኛውን ኮንሶል፣ ማለትም የትዕዛዝ መስኮት፣ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ በሩት ከፍቼ እንዳለ ተውኩት። የደኅንነት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ልክ ናቸው። ክፍሉ የተቆለፈ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ያው ነው» አሉ ጋሼ። ስለ መብራት ዳግም አልጠየቅኳቸውም።

ወደ ሁለተኛው ኮንሶል ተሻገርኩ። ሕይወት አለው። የመጀመሪያው የታየኝ ሎድ አቬሬጅ ነው፤ ስንት ሥራ እንደተደራረበ የሚያሳይ አማካይ ቁጥር። 214። ሲፒዩውን አየሁት፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ይህ የሚጋጭ ነገር ይመስላል። ሊኑክስ ግን ሎድ ሲቆጥር ሲፒዩ የሚፈልጉትን ብቻ አይቆጥርም። «ዲ» የተባለ ሁኔታ ላይ ያሉትንም ይደምራል፤ ይህ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለ ነው። ዲ ማለት ከርነሉ ውስጥ አንድ ነገር እየጠበቀ የተኛ ፕሮሰስ፣ ማለትም የተነሳ ፕሮግራም፣ ነው። ቢጮኹበት አይሰማም። በግድ የሚገድለውን ትዕዛዝ፣ ኪል ናይንን፣ ብትልኩበት እንኳ ሲነቃ ነው የሚሞተው፤ እስኪነቃ ግን አይሞትም። 214 ማለት እንግዲህ ከሁለት መቶ በላይ ፕሮሰሶች በረድፍ ተኝተዋል ማለት ነው።

ከርነሉን «የተኙትን ንገረኝ» አልኩት። ከርነሉን በቀጥታ የማዘዣው፣ ሲስርኪው የሚባለው መንገድ ነው፤ «ደብልዩ» የምትለዋን ፊደል መላክ ይበቃል። ስክሪኑ ሞላ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ አለ፣ ኢሜይል ላኪው ፖስትፊክስ አለ፣ የሎግ ጸሐፊው ጆርናልዲ አለ። ሁሉም ኤስቢ ስታርት ራይት ላይ ቆመዋል። ይህ መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ የሚያልፍባት በር ናት፤ የምትዘጋው ደግሞ ፋይል ሲስተሙ ሲቀዘቅዝ ነው። ከርነሉ ከ120 ሰከንድ በላይ ለተኙት የሚጽፈው ማስጠንቀቂያም እዚያው ነበር። ለካ በፊቶቹ ሁለት ሌሊቶችም ጽፏል። ግን የጻፈው ሚሞሪ ላይ ነው። ወደ ዲስክ የሚገለብጠው ጆርናልዲ ራሱ ተኝቷል። እኔ ደግሞ የኃይል ቁልፉን ስጫን ማስረጃውን አብሬ አጠፋሁት። ሎጉ ዝም ያለው የሚናገረው ስላጣ አይደለም፤ አፉ ቀዝቅዞ ነው።

እንግዲህ ቫር ቀዝቅዟል። ማነው ያቀዘቀዘው? ኤፍኤስፍሪዝ የሚባል ፕሮሰስ ፈለግኩ። የለም። ለካ መኖርም የለበትም። ትዕዛዙ አቀዝቅዞ ይወጣል። ቅዝቃዜው ፋይል ሲስተሙ ላይ ይቀራል፣ ባለቤት የለውም። ያቀዘቀዘው ፕሮግራም ቢሞት እንኳ አይቀልጥም። በሩን ቆልፎ ከተማ ለቆ እንደሄደ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪከፍት እንደተቆለፈ ይቆያል።

ከርነሉ በሰጠኝ ረጅም ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስክሪፕት አልነበረም። እንደገና ነጻ ሊወጣ ነበር። ግን ያ ዝርዝር ዲ ላይ ያሉትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁሉንም ፕሮሰሶች ፒኤስ በሚባለው ትዕዛዝ አወጣሁ። እዚያ መሐል፣ በተራው የ«ኤስ» እንቅልፍ፣ ማለትም ማንም ሲቀሰቅሰው በሚነቃው ዓይነት፣ ስክሪፕቱ ተቀምጧል። ልጁን እየጠበቀ ነው። ልጁ ሎገር ነው፤ ሎግ ላይ አንድ መስመር የሚጽፈው ትንሹ ትዕዛዝ። ሎገር የቆመበትን አየሁ። ዩኒክስ ዌይት ፎር ፒር። በአማርኛ፣ ፕሮግራሞች መልእክት ከሚቀባበሉበት ከሶኬቱ ማዶ ያለው ሰው መልእክቱን እስኪቀበለኝ እየጠበቅኩ ነው ይላል። ማዶ ያለው ጆርናልዲ ነው።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ስክሪፕቱ ቫርን ለማቅለጥ ሎገርን ይጠብቃል። ሎገር ጆርናልዲን ይጠብቃል። ጆርናልዲ ሎጉን የሚጽፈው ቫር ላይ ስለሆነ የቫርን መቅለጥ ይጠብቃል። ቫርን የሚያቀልጠው ስክሪፕቱ ነው። የኮንዶሚኒየም በር ታውቃላችሁ፣ ነፋስ ሲመታው ራሱን የሚቆልፈው? ቁልፉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ በነጠላ ጫማ ኮሪደር ላይ።

ታዲያ ለምን በየሌሊቱ አልቆመም? ስምንት ወር እንዴት አለፈ? እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይህ ነው። ሎገር ወደ ሶኬቱ መልእክት ሲያስገባ ጆርናልዲ እስኪያነበው አይጠብቅም። ወረፋ አለ፤ እዚያ አስቀምጦ ይሄዳል። የወረፋው ልክ በከርነሉ ብቻ ከሆነ 10 መልእክት ነው፤ የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ሲስተምዲ ሲነሳ ወደ 512 ያሳድገዋል። በአብዛኛው ሌሊት የማከማቻ ሳጥኑ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ፎቶውን ያነሳል። በዚያ ጊዜ ወረፋው አይሞላም፣ ሎገር አስቀምጦ ይወጣል፣ ቫር ይቀልጣል፣ ማንም አያውቅም። በጥፋቱ ሌሊቶች ግን የወር መዝጊያ ሥራ እስከ 8 ሰዓት ዘልቋል። ሳጥኑ ተጨናንቆ ወደ 40 ሰከንድ ወሰደበት። ያው ሥራ በየሰከንዱ ሎግ ይዘራል። 512ቱ ቦታ ሞላ። ስናፕሾቱ ተነሳ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ «ተነሳ» ብሎ ሊጽፍ የሄደው ሎገር 513ኛ ሆኖ በሩ ላይ ቀረ።

ወረፋው ከሞላ በኋላ ያለው እንደ ተላላፊ በሽታ ነው። የሚገባ ሰው ሁሉ ስሙ ሎግ ላይ ይመዘገባል፤ ኤስኤስኤች ሎግ ሊጽፍ ይሄዳል፣ ይቆማል። የኮንሶሉ መግቢያም እንደዚያው። የሩት ሥልጣን የሚሰጠው ትዕዛዝ ሱዱም እንደዚያው። ለዚያ ነው የይለፍ ቃሌን ተቀብሎ ዝም ያለው። ፒንግ ግን የሚመልሰው ከርነሉ ስለሆነ ሎግ አያስፈልገውም። ከውጭ ለሚያይ ሰርቨሩ ደህና ነው።

አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ቫርን አቅልጥ የምትለዋን። ኢንተር። ሎድ አቬሬጁ መውረድ ጀመረ። ያ የመጀመሪያው ኮንሶል ቀደም ብሎ የተቀበለውን የሌላ ሰው የይለፍ ቃል አስገባ። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ መንዘር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ኢሜይል። «ሰርቨሩ አይመልስም»፣ «ዳታቤዙ ዘገየ»፣ «አስቸኳይ»። የክትትል ሥርዓቱን እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር የጫንኩት፤ ኢሜይሎቹም ቫር ውስጥ ባለው የፖስትፊክስ ወረፋ ቀዝቅዘው ቆይተዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

በነገራችን ላይ ሩት ሆኖ የተከፈተ ኮንሶል ባይኖረኝ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበረ። በኪቦርዱ ሲስርኪውን ይዞ «ጄ»ን መጫን። ይህ በኤፍኤስፍሪዝ የቀዘቀዙ ፋይል ሲስተሞችን በግድ ያቀልጣል፤ ከርነሉ እንዲቀበለው መፈቀዱ ግን አስቀድሞ መታየት አለበት። ይህን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ሁለት ጊዜ ኃይል ከማጥፋት ይሻል ነበር።

ለዴድሎክ፣ እንዲህ እርስ በርስ ተጠባብቆ ለመቆም፣ አራት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት የሚል የቆየ ትምህርት አለ፤ ኮፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፉት። አንዱ የያዘውን ሌላው መያዝ አይችልም። የያዘ ሰው ሳይለቅ ሌላ ይጠብቃል። የተያዘውን ማንም በግድ አይነጥቅም። ጥበቃው ዞሮ ራሱ ላይ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሸምድጄ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በአምስት መስመር ስክሪፕት አራቱንም አሟልቼ ስሠራቸው ግን አላወቅኳቸውም። ምክንያቱም እኔ ያየሁት ሁለት ነገር ነው፣ ስክሪፕቱንና ቫርን። ሎግ መጻፍ «ነገር» አይመስለኝም ነበር። እንደ መተንፈስ ነው የምቆጥረው።

የሚያጽናናኝ፣ በዚህ መንገድ የተሰናከልኩት ብቻዬን አለመሆኔ ነው። ፍሪቢኤስዲን፣ እንደ ሊኑክስ ያለውን ሌላ ሥርዓት፣ ተመልከቱ። የዩኤፍኤስ ፋይል ሲስተሙን ስናፕሾት የሠራው ማርሻል ከርክ ማኩሲክ ነው፤ ፋይል ሲስተሙን ራሱንም በርክሌይ ሳለ የጻፈው እሱ ነው። ስናፕሾቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ5.0 ጋር ወጣ። በ2012 በ9.0 ፋይል ሲስተሙ ላይ ጆርናል፣ ከድንገተኛ መቆም በኋላ ራሱን የሚያስተካክልበት መዝገብ፣ ተጨመረ። ሁለቱ አብረው መኖር አልቻሉም። ጆርናሉን የሚጠቀም ሰው ስናፕሾት ማንሳት የተፈቀደለት በ2023 በ13.2 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! የሚጽፈውን ማስቆምና እየጻፉ መቀጠል አብረው አይተኙም፤ ማን እንደሚጠብቅና ማን እንደሚጠበቅ አንድ በአንድ መፈታት አለበት።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሊኑክስ ላይ ዲስክ የሚያስተዳድረውን የኤልቪኤምን ሰዎች ጥንቃቄ ነው። ኤልቪኤም ስናፕሾት ሲያነሳ ዲስኩን ለአፍታ ያቆማል፤ ያ ዲስክ የራሱ የኤልቪኤም ፕሮግራም ያለበት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ከማቆሙ በፊት ራሱን ሙሉ በሙሉ ሚሞሪ ውስጥ ይቆልፋል። ከራሱ ኮድ አንዲት ገጽ ብትጎድለው ከቆመው ዲስክ ማንበብ አይችልም፣ ዲስኩን የሚያስነሳው ደግሞ እሱ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን አስቧል። ከመቆለፉ በፊት ኪሱን ዳብሷል። የኤፍኤስፍሪዝ መመሪያም ኤልቪኤም ላይ ከሆናችሁ ይህን ትዕዛዝ መጠቀም አያስፈልጋችሁም፣ እሱ ራሱ ያቀዘቅዛል ይላል። እኔ የውጭ ሳጥን ስለነበረኝ ነው በእጄ የገባሁበት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጥገና ቀላል ነው። በማቀዝቀዝና በማቅለጥ መካከል ከሳጥኑ ጋር ከሚደረገው ንግግር በቀር ምንም እንዳይኖር አደረግኩ። ሎግ የሚጻፈው ከቀለጠ በኋላ ነው። ከማቀዝቀዙ በፊት ደግሞ ከጀርባ አንድ ጠባቂ ይነሳል፤ 30 ሰከንድ ተኝቶ ሲነቃ ምንም ሳይጠይቅ ቫርን ያቀልጣል። ሳጥኑ ከዚያ በላይ ከዘገየ የዚያ ሌሊት ፎቶ ይበላሽ፤ ሌላ ሌሊት አለ። ሌሊቱን ሙሉ ከመቆም ይሻላል። የክትትሉን ሥርዓትም ወደ ሌላ ማሽን አወጣሁት፤ ይህን ከመጀመሪያው አለማድረጌ ያሳፍራል።

ከወር በኋላ ስክሪፕቱን እንደገና ስከፍተው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለመሆኑ ማቀዝቀዙ ምን ይሠራልኛል? ፖስትግሬስ ድንገት ኃይል ቢጠፋበት ለውጡን አስቀድሞ ከሚጽፍበት ከዋል መዝገቡ ራሱን ያስተካክላል፤ ሁለት ጊዜ በቁልፍ ገድዬው ሁለቴም ተነስቷል። ኤክስኤፍኤስም የራሱን ጆርናል አንብቦ ይነሳል። ፎቶው በአንድ ቅጽበት እስከተነሳና ዳታውና ዋሉ አንድ ዲስክ ላይ እስካሉ ድረስ፣ ከፎቶው መነሳት መብራት ጠፍቶ እንደመነሳት ነው። ማቀዝቀዙ የዳታቤዙን ሚሞሪ ወደ ዲስክ አያወርድም፤ ብታቀዘቅዙም ባታቀዘቅዙም ፖስትግሬስ ያው ከዋሉ ነው የሚነሳው። ጨዋነት ብቻ ነበር። ሦስት ሌሊት ያሳደረኝ ጨዋነት። በሌላ ማሽን ላይ ከፎቶው ደጋግሜ አስነስቼ ሞከርኩት፤ ሁሌም ተነሳ። የማቀዝቀዝና የማቅለጥ ሁለቱን መስመሮች አጠፋኋቸው። ዳታቸው በሁለትና ሦስት ዲስክ የተከፋፈለ ሰዎች ግን ይህን አትቅዱብኝ፤ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው።

ሪፖርቱን ስጽፍ በዚህኛው ሰዓቱን በሦስቱም አቆጣጠር አስቀመጥኩ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አመነታሁ፤ ከዚያ «እኔ የጻፍኩት ስክሪፕት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የሎገርን፣ የጆርናልዲንና የቫርን ክብ በሥዕል አስረዳሁ። አለቃዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወረዱ።

«ስለዚህ መብራት አይደለም?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«ባትሪውስ?»

«ባትሪው አዲስ ነው» አልኳቸው። «ለጥቂት ዓመታት ያገለግለናል።»